ሐረርን በእርሳስና በቡና፦ ከጓደኞች ጋር ጥበብ የማየትና የመሥራት መመሪያ

ሐረር መጥታችሁ «ጋለሪው የት ነው?» ብትሉ የተጠየቀው ሰው ግራ ይገባዋል። ወይ ሙዚየም ይልካችኋል፣ ወይ የወንድሙ ልጅ ማስታወቂያ የሚጽፍበትን ሱቅ ያሳያችኋል። ሁለቱም አይከፉም። ግን የዚህ ከተማ ጥበብ በአብዛኛው ፍሬም ውስጥ አልገባም። ግድግዳ ላይ ነው፣ መደብ ላይ ነው፣ ወስፌ የያዙ እናቶች እጅ ላይ ነው። ስለዚህ ሐረር ላይ ጥበብ ለማጣጣም ከሚሠሩት ሰዎች አጠገብ ቁጭ ብሎ አብሮ መሞከርን የሚያህል መንገድ የለም።

ይህ መመሪያ ሐረር ለሚኖር፣ ወይም ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ ለቅዳሜና እሑድ ብቅ ለሚል ሰው ነው። ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም። «እኔ እኮ ዶሮ እንኳ መሳል አልችልም» የሚለው ጓደኛችሁም ይምጣ፤ ሥራ አይጠፋለትም።

1. መጀመሪያ ሰው

ከሦስት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል። የጀጎል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ መንገዶች ጠባብ ናቸው። ዐሥር ሆናችሁ አንድ ቅያስ ውስጥ ብትኮለኮሉ የጫነ አህያ ማለፊያ ያጣል። ሰውም «ምን ተፈጠረ?» እያለ ይሰበሰብባችኋል።

ሁሉም መሳል የለበትም። አንዱ ይሳል፣ አንዷ ፎቶ ታንሳ፣ ሌላው የሰማውን ይጻፍ። ወሬ የሚችል ሰው ግን የግድ ነው። በር የሚያስከፍተው እሱ ነው። ከመካከላችሁ ሐረሪኛ ወይም ኦሮምኛ የሚችል ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ቀኑን እንደ ዕቁብ ቁረጡት። «እስቲ እንደዋወላለን» የተባለ ቀጠሮ የትም አይደርስም። በወር አንድ ቅዳሜ ተብሎ ከተቆረጠ ግን የቀረው ራሱ ያፍራል። ትንሽ ትንሽ አዋጡ። ገንዘቡ ለሻይ፣ ለሙዚየም መግቢያና ለሚያስተምሯችሁ ባለሙያዎች ይውላል።

ስለ ሰዓት ትንሽ ልበል። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ጊዜ ስለሆነ ተዉት። በረመዳን ቀኑ ቀዝቀዝ ይላል፤ ከተማው ነፍስ የሚዘራው ከኢፍጣር በኋላ ነው። በሌላው ጊዜ ደግሞ ከምሳ በኋላ ብዙ ሰው በርጫ፣ ማለትም ጫት፣ ላይ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ማየት ከፈለጋችሁ ጠዋት ውጡ። ዘና ብሎ የተቀመጠ ሰው ፊት ለመሳል ግን ከሰዓትን የሚያህል የለም።

2. ዕቃ፣ ግን ብዙ አይደለም

ሁለት እርሳስ፣ አንድ 2ቢ አንድ 6ቢ። መቅረጫ። ጥቁር እስክሪብቶ። ነጭ ጠመኔ። አሮጌ ጨርቅ። ትንሽ ኮዳ ውሃ። ወረቀት ለመደገፊያ ጠንካራ ካርቶንና ሁለት የልብስ መቆንጠጫ። ላጲስ ቤት ይቅር። ላጲስ የያዘ ጀማሪ ጠዋቱን ሙሉ አንድ መስኮት ሲያጠፋና ሲስል ይውላል።

ወረቀቱ ላይ አትሰስቱ። የደብተር ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ይቀደዳል። ጽሕፈት መሣሪያ ከሚሸጥ ሱቅ ወፈር ያለ የሥዕል ወረቀት ጠይቁ። ከታጣ የጫማ ካርቶን ገንጥሉና ቡናማው ላይ ሳሉ። ለጀጎል እንደውም ከነጭ ወረቀት የሚሻልበት ጊዜ አለ። የካርቶኑ ቀለም የጭቃና የድንጋይ ግድግዳውን ይተካል። ጥላውን በእስክሪብቶ፣ ፀሐይ ያረፈበትን በጠመኔ ብቻ ታስቀምጣላችሁ። ሦስት ቀለም ሆነ ማለት ነው፣ ለዚያውም በነፃ።

3. የመጀመሪያው ቀን፦ እርሳስ ሳይወጣ

ከሚጎበኙት ቦታዎች አንዱን ብቻ ምረጡ። ሦስት ሙዚየም በአንድ ጠዋት የዞረ ሰው ማታ ላይ የሚያስታውሰው የእግሩን ድካም ነው።

እኔ የምመርጥላችሁ ገይ ጋርን ነው። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ማለት ነው። ጀጎል ውስጥ ለጎብኚ ክፍት የሆኑ አሉ፤ በእንግዳ ማረፊያነት የሚያገለግሉም አሉ። ጫማችሁን አውልቁና ግቡ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ፊት ለፊታችሁ ከፍና ዝቅ ያሉ ቀይ መደቦች ታያላችሁ፤ ነደባ ይባላሉ። የትኛው ላይ ማን እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። አሚር ነደባ የሚባለው የአባወራው ነው፤ ከዚያ ሆኖ የሚገባውን ሰው ያያል። ግድግዳው ውስጥ የተቀረጹ ጉድጓድ መደርደሪያዎች አሉ። ከነሱ በላይና በጎን ስፌቶችና ሳህኖች ተሰቅለዋል። ትልቅና ትንሽ፣ ጥንድ ጥንድ፣ ዝም ብሎ የተሰቀለ የለም። ከበሩ በላይ ስለሚቀመጠው የተጠቀለለ ምንጣፍ ጠይቁ፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክታል ይባላል።

ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ዓይናችሁን ጨፍኑና ግድግዳው ላይ ምን የት እንደነበር ለጓደኛችሁ ንገሩ። ስትገልጡ የት የት እንደተሳሳታችሁ ታያላችሁ። ከዚህ የተሻለ የሥዕል ትምህርት ብዙ አላውቅም።

ሌላ ቀን የሸሪፍ ሙዚየም ሂዱ። ራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ውስጥ ነው። ግለሰብ ከየቤቱ ያሰባሰበው ስብስብ ነው፤ የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጥ፣ ልብስ፣ የድሮ ዘፈን ቅጂዎች ሁሉ አሉበት። ሐረር መጽሐፍ በመጻፍም በመጠረዝም የታወቀች ከተማ ነበረች። የቆዳ ሽፋኖቹ ላይ የታተሙትን ጌጦች ልብ ብላችሁ እዩ። ኋላ ለስፌት ንድፍ ይጠቅሟችኋል።

ራምቦ ቤት የሚባለው ደግሞ ለፎቶ ወዳጆች ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1880 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ቤት ግን ያሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው። ባለቀለም መስታወቶቹና ያጌጠው ጣሪያ ለብቻቸው መግቢያውን ያስከፍላሉ። ከሁሉ በላይ ግን የድሮ የሐረር ፎቶዎችን እዩ። አንዱን ምረጡ። ከዚያ ወጥታችሁ ፎቶው የተነሣበትን ቦታ ፈልጉና ዛሬ ያለውን ሳሉ። ለቡድን ይህ ጨዋታ ነው፤ «እዚህ ነው!» «የለም፣ እዚያ ነው!» እያላችሁ አንድ ጠዋት ያልፋል። የአካባቢው ሽማግሌ ከተቀላቀሉማ አለቀ፣ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ አትነሡም።

4. ጀጎል ውስጥ መሳል

ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አንድ ቀን በውጭ በኩል ዙሩት፤ ጥሩ የእግር መንገድ ነው። ለመሳል ግን ውስጡ ይሻላል።

ብርሃኑ የሚያምረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4፣ ከዚያ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። በእነዚህ ሰዓቶች አንዱ ግድግዳ ሲበራ ሌላው ጥላ ነው። ቀትር ላይ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል፣ እናንተም ትቃጠላላችሁ።

ጠባብ መንገድ መሳል ጀማሪን ያስፈራል። መላ አለው። ከግድግዳው አትጀምሩ፤ ከሰማዩ ጀምሩ። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ቀና ብላችሁ የምታዩት ሰማይ አንድ ቀላል ቅርጽ አለው። አንዳንዴ ሹል፣ አንዳንዴ የተሰበረ መስመር። እሱን ብቻ በጥንቃቄ ገልብጡ። የሰማዩ ጠርዝ የግድግዳዎቹ አናት ነው። አናታቸው ከተገኘ ወደ ታች ማውረድ ብቻ ነው የሚቀረው። በመጨረሻ መሬቱ ላይ አንድ ሰው ወይም አንድ ፍየል ጣል ካደረጋችሁ የመንገዱ ጥበት በደንብ ይታያል።

ሌላው ልምምድ ቀለም መልቀም ነው። ሐረር ግድግዳዋን የምትቀባው ከበዓል በፊት ነው። ዘንድሮ ሰማያዊ፣ ለከርሞ አረንጓዴ፣ ሌላ ጊዜ ሮዝ ወይም ነጭ። ድሮውን ፍቆ የሚቀባ ጥቂት ነው፤ በላዩ ላይ ይደረባል። ስለዚህ ቀለሙ የተላጠበት ጥግ ፈልጉ። የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ትበቃለች። ጠጋ ብላችሁ እዩ። ላይኛው አረንጓዴ በቀጭን ቅርፊት ተነሥቷል። ጠርዙ ላይ ነጭ ኖራ መስመር አለ። ከሥሩ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ከዚያም ሥር ቀይ አፈር። ያቺን መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ሳሉ። ቅርፊቱን ግን አትንቀሉ፤ የሰው ቤት ነው።

መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ማሽናቸውን መንገድ ዳር ደርድረው ይሠራሉ። እዚህ የሚሳለው እጅ ነው። አንድ ደቂቃ በስልክ ያዙ፣ አንድ እጅ ሳሉ፣ ገጽ ገልብጡ፣ ሌላ ደቂቃ። መጀመሪያ ላይ ጣቶቹ ካሮት ይመስላሉ፣ ግድ የለም። እጁ ጨርቁን ሲገፋ የሚይዘውን አቅጣጫ ያዙ፤ የጣት ብዛት ኋላ ይደርሳል። ስትነሡ ከሥራቸው የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምኑ ወይም ግዙ። በዱቄት ሙጫ ካርቶን ላይ ሲለጠፍ የጀጎል ግድግዳ ይወጣዋል። ሙጫው አንድ እጅ ዱቄት በአራት እጅ ውሃ፣ እስኪወፍር እሳት ላይ ማማሰል ነው።

ጊድር መጋላ የሚባለው ገበያ ውስጥ ሥጋ ተራው ዘንድ ጭልፊቶች ያንዣብባሉ። ሲወርዱ ለመሳል አትሞክሩ፣ አይቻልም። ቪዲዮ ቅረጹና ቤት ገብታችሁ እያቆማችሁ ሳሉ። ሸዋ በር አካባቢ ከበርሜልና ከቆርቆሮ ምድጃና ዕቃ የሚቀጠቅጡ አሉ፤ ድምፁን የሚችል ጆሮ ያለው ይሂድ።

5. ፈቃድ፣ ሰላምታና ገንዘብ

ሰላምታ አታሳጥሩ። አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደራችሁ፣ ልጆች ደኅና፣ ቤት ደኅና። ከዚያ ነው ወረቀት የሚወጣው። ሐረርና ድሬ ላይ አንቱታ እንደ አዲስ አበባ አይከብድም። እናንተ እንግዶች ግን ለትልቅ ሰው «እርስዎ» ብላችሁ ጀምሩ። «አቦ፣ አንተ በለኝ!» ካሉ በደስታ አንተ በሉ።

ሰው ፊት ከመሳላችሁም ፎቶ ከማንሣታችሁም በፊት ጠይቁ። እንቢ ካሉ እንቢ ነው፤ ቤታቸውን፣ በራቸውን፣ ድመታቸውን ሳሉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ሥዕሉን አሳዩ። ካልመሰላቸው ይስቃሉ፣ ስቀው ደግሞ ሻይ ይጠራሉ። መስጊድና አዋች (የቅዱሳን መቃብር) አጠገብ በሶላት ሰዓት አትቀመጡ። በውጭ በኩል እንኳ ቢሆን ጠባቂውን ጠይቁ።

ልጆች ይከቧችኋል። ገንዘብ አትስጡ፤ ወረቀትና እርሳስ ስጡ። ለዚህ ብቻ የሚሆን አንድ ጥቅል ወረቀት ያዙ። አብዛኛውን ጊዜ የቀኑ ምርጥ ሥዕል ከነሱ ይገኛል።

ባለሙያ የሚያስተምራችሁ ከሆነ ሂሳቡን ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ። «የፈቀዳችሁትን» የሚባለው ነገር ሁለቱንም ወገን ያሳፍራል። ሰዓታቸውን ነው የምትገዙት፤ ስፌቱን መግዛት ሌላ ሂሳብ ነው። በዋጋ አትከራከሩ። አንድ ጥሩ ስፌት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ቀጥሎ ያለውን ስትሞክሩ ይገባችኋል።

6. ስፌት፦ ከምታዩት ይከብዳል

የሐረር ስፌት ስሙ ከከተማው አልፎ የሄደ ነው። ድሮ ልጃገረዶች ተሰብስበው እያወሩ እየዘፈኑ ይማሩት ነበር። ለጓደኛሞች የተመቸውም ለዚህ ነው፤ እጅ ይሠራል፣ አፍ ነፃ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። ከውስጥ የሣር እስር አለ፤ ለጀማሪ የእርሳስ ውፍረት ያህል ይሁን። በላዩ ላይ ስንጥቅ ስንደዶ ይጠመጠማል። ቀለም የተነከረው አለላ ነው። እስሩ በክብ እየዞረ ይሄዳል። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ዙር ጋር የሚያያዘው በወስፌ ነው።

መጀመሪያ ሣሩን አርጥቡ። ደረቅ ሲሆን ይሰበራል፣ በጣም ሲርስ ደግሞ ደርቆ ይላላል። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ መጠቅለል ይበቃል። እምብርቱን፣ ማለትም መሀሏን ትንሽ ክብ፣ ባለሙያዋ ይጀምሩላችሁ። እሱ ላይ ግትር ያለ ጀማሪ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ወስፌውን ባለፈው ዙር ውስጥ ብሱ። ወስፌውን ስትነቅሉ ቀዳዳው ወዲያው መዘጋት ይጀምራል፤ ስንደዶውን ፈጠን ብላችሁ አስገቡ። ሳቡ። እስኪጠብቅ ነው፣ እስኪቆርጥ አይደለም። የእናቶቹን አውራ ጣት ልብ ብላችሁ እዩ፤ እያንዳንዷን ጥምጥም ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ከጎረቤቷ ጋር ያስጠጋታል። መሀል ላይ ክፍተት የማይታየው በዚያች ግፊት ነው።

በአንድ ጠዋት የብርጭቆ ማስቀመጫ የምታህል ከሠራችሁ ጎበዞች ናችሁ።

ንድፍ ለማውጣት የምትፈልጉ ቤት ውስጥ ተዘጋጁ። ደብተር ላይ በኮምፓስ መሀሉ አንድ የሆነ ብዙ ክቦች ሥሩ፣ አንዱ ክብ ለአንድ ዙር። ከዚያ በቀለም ሙሉ። ያኔ አንድ ነገር ይገባችኋል፤ ክቡ ሲሰፋ የጥምጥሙ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ መሀል ላይ በሁለት ጥምጥም የጀመረ ጌጥ ጠርዝ ላይ በሁለት ከቀረ ቀጥኖ ይታያል። እናቶቹ ይህን ሁሉ የሚቆጥሩት በጭንቅላታቸው ነው፣ ያውም ወሬ ሳያቋርጡ።

7. በቡና መሳል

የሐረር ቡና የማያውቅ የለም። ቀለም መሆኑን ግን ብዙ ሰው አልሞከረውም። ቡናማው ቀለም የጀጎልን ድንጋይና ጥላ በደንብ ይይዛል፣ ዋጋውም ቀላል ነው።

ጠቆር አድርጎ የተቆላና የተፈጨ ቡና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሰዱ። በአንድ ብርጭቆ ውሃ አፍሉት። አተላው ሲሰክን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ። የተጠለለውን መልሳችሁ በቀስታ እሳት ላይ ጣዱ፤ እስኪጋመስ። ስኳር ከገባበት አይሆንም። ሲደርቅ ይጣበቃል፣ ጉንዳን ይጠራል። ከጠረጴዛ የተረፈውን ስኒ አንሥታችሁ አትሳሉበት ማለቴ ነው።

አሁን ሦስት ስኒ አሰልፉ። አንደኛው ንጹሕ ወፍራሙ ቡና። ሁለተኛው እኩል ውሃ የተቀላቀለበት። ሦስተኛው አንድ ማንኪያ ቡና በአምስት ማንኪያ ውሃ። ለሥዕሉ የሚያስፈልገው ቀለም ይኸው ነው።

ቅርጹን በእርሳስ ቀለል አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቡና ነጭ የለውም፤ ነጭ የሚሆነው ባዶ የተተወው ወረቀት ነው። ስለዚህ ፀሐይ ያረፈባቸውን ቦታዎች አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉና አትንኳቸው። ከቀጭኑ ስኒ ጀምሩ። የቀረውን ሁሉ በአንድ እጅ ሸፍኑ። ይድረቅ። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚያልቀው። እርጥብ ላይ ሁለተኛ ከተደረበ ይዋሐድና ጭቃ ይሆናል። እስኪደርቅ ሳምቡሳ ግዙ፣ ሐልዋ ቅመሱ፣ ተመለሱ። ከዚያ መካከለኛው ለጥላ፣ በመጨረሻ ወፍራሙ ለበርና ለመስኮት ውስጥ ጨለማ።

የግድግዳውን ሸካራነት ለማምጣት አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ወፍራሙ ቡና ውስጥ ንከሩ። በጣታችሁ ወደ ወረቀቱ ርጩት። ነጭ የለበሰ ጓደኛ ካለ ቀድሞ ይራቅ።

የተረፈውን ቡና አታስቀምጡ፤ ይሻግታል። ሥዕሉም በደንብ ሳይደርቅ አይታጠፍ። የምትሰቅሉት ከሆነ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ካልሆነ እየገረጣ ይሄዳል።

8. ማሳየት

አዳራሽ አትከራዩ። የአንዳችሁ ግቢ ይበቃል። ገመድ ወጥሩ፣ ሥዕሎቹን በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ። የተሳሉትን ሰዎች ጥሩ፤ ልብስ ሰፊውን፣ ስፌት ያስተማሯችሁን እናት፣ ልጆቹን። ልጆቹ የሳሉት ከእናንተው ጎን እኩል ይሰቀል። ሆጃ የሚባለው የሐረሪ ትኩስ መጠጥ ይፈላ። መግቢያ ገንዘብ የለም።

የሰው ፊት ያለበትን ሥዕል ለባለ ፊቱ ስጡ፤ ለራሳችሁ ፎቶ አንሡት። ቴሌግራም ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ደግሞ እንደገና ጠይቁ። መሳል የፈቀደ ሁሉ መለጠፍ አልፈቀደም።

ቀን ለመምረጥ ከተቸገራችሁ ሸዋል ዒድን አስቡ። ከረመዳን በኋላ ስድስቱ የሸዋል ጾም ሲያልቅ ይከበራል፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኗል። ከተማው በዘፈን፣ በከበሮና በልብስ ቀለም ይሞላል። ዝግጅታችሁን ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት አድርጉትና በበዓሉ ዕለት እርሳስ ይዛችሁ ውጡ። አልጋ ቀድማችሁ ያዙ።

ድሬ ካማራችሁ

ሐረር ላይ እጃችሁ ከተፍታታ አንድ ቀን ወደ ድሬ ውረዱ። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ አይጠፋም። እዚያ ጨዋታው ሌላ ነው። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድና የዛፍ ጥላ ነው፤ ከተማው ራሱ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ የተቆረቆረ ነው። የባቡር ጣቢያው ፊት ለመስመር ልምምድ ይመቻል። ከፊራ ገበያ ያሉት ቅስት በሮች ደግሞ ለጥላ ሥራ ተወዳዳሪ የላቸውም። ሙቀቱን ግን አትናቁት። ቡናው ወረቀቱ ላይ ሳይዘረጋ ይደርቅባችኋል፤ ከመቀባታችሁ በፊት ወረቀቱን በእርጥብ ጨርቅ አበስ አድርጉት፣ ሦስተኛውንም ስኒ ከወትሮው አቅጥኑት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀምሩና 4 ሰዓት ሳይሞላ ጥላ ውስጥ ግቡ። ከሰዓት በኋላ ሥራ የሚጀመረው ፀሐይዋ ስትበርድ ነው። ወደ ሐረር የሚመለስ ካለ የመጨረሻው ሚኒባስ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠዋት ስትወርዱ ጠይቁ።